የእጅ ስልክና የቤት ምክር

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። የጥቂት ጥማድ መሬት ጌታ የሆነ ባላገርም በእርሻው ላይ እንደ ንጉሥ ነውና እርሱም መካር ያስፈልገዋል። ቀድሞ መካሮቹ አባቱና ጎረቤቱ፥ ደመናውና ነፋሱ ነበሩ። በዘመናችን ግን ሌላ መካር ተጨመረለት፤ ይኸውም በኪሱ ይዞት የሚዞረው የእጅ ስልክ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ብዙ ተጽፏል፤ መሣሪያው ስለ ገባበት ቤት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እኔ በሙያዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስሆን ትውልዴ ከገበሬ ቤት ነው። ሥራዬም የባልና የሚስትን፥ የወንድምና የእኅትን ክርክር ሰምቶ በመዝገብ ማስፈር ስለ ሆነ፥ በአንድ ቤት ውስጥ ነገር ከወዴት እንደሚበላሽ ለማየት ጊዜ አግኝቻለሁ። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ለክቡራን አንባብያንና ለክቡራት እመቤቶች ጥቂት ነገር ለመጻፍ አሰብሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ልናገር። ዛሬ በየጉባኤው «ዲጂታል» የሚባለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ «ዲጂቱስ» ማለት ጣት ማለት ነው። ሕፃን ቍጥር የሚጀምረው በጣቱ ስለ ሆነ ቃሉ ከጣት ወደ ቍጥር ተሻገረ። የጥበቡም ሥረ ነገር ድምፁን፥ ሥዕሉንና ካርታውን ወደ ቍጥር ለውጦ ማኖርና ከቦታ ወደ ቦታ መላክ ነው። በሕፃንነቴ በየኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥሬ ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ባሕረ ሐሳብን ጥቂት ቀምሼ ነበር፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ተማርሁ። ስለዚህ በቍጥር ዘመንን መምራት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። መጥቅዕና አበቅቴ ቈጥሮ የጾሙን መግቢያ ከብዙ ዓመት በፊት የሚናገር ሕዝብ፥ ቍጥር ስለ ዝናብና ስለ ሰብል በሽታ ቢነግረው ሊደነግጥ አይገባውም።

በአገራችን ለገበሬ ከተሠሩት የዚህ ዓይነት ሥራዎች ውስጥ ለድኻው ቤት ቅርብ የሆነው 8028 የሚባለው የስልክ መስመር ነው። መስመሩን በሐምሌ 2006 ዓ.ም. የከፈተው በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ሲሆን፥ የግብርና ሚኒስቴር፥ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ኢትዮ ቴሌኮም ተባብረውበታል። ኤጀንሲው ራሱ ከጊዜ በኋላ ኢንስቲትዩት ተብሏል። መስመሩ ሲከፈት ብልሃቱ ይህ ነበር። ደዋዩ ማንበብ አያሻውም፤ ውድ ስልክም አያሻውም፤ ገንዘብም አይከፍልም። ሲደውል ድምፅ ይመልስለታል፤ ቋንቋውን በቍጥር ይመርጣል። በመጀመሪያ ቋንቋዎቹ አማርኛ፥ ኦሮምኛና ትግርኛ ነበሩ፤ ኋላ ሌሎችም ተጨመሩ። ከዚያም ሰብሉን ሲመርጥ ድምፁ ከመሬት ዝግጅት ጀምሮ እስከ አጨዳና እስከ ጎተራ ድረስ ያለውን ሥራ በየተራው ይነግረዋል። በሽታ ወይም ተባይ ሲነሣ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ወደ ተመዘገቡት ሰዎች ስልክ ይላካል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደዚህ መስመር ደወሉ። ገበሬያችን ምክር የማይወድ ይመስለው የነበረ ሰው ቢኖር በዚህ ሊማር ይገባዋል።

ከዚህ ድምፅ በስተ ጀርባ ብዙ ድካም አለ። ለረጅም ዘመን ለገበሬያችን ይታደል የነበረው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር፤ የቆላው መሬትም የደጋው መሬትም አንድ ዓይነት መድኃኒት እንደሚታዘዝለት በሽተኛ ይቈጠር ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የዐፈር ጥናት ከየወረዳው ዐፈር እያነሣ፥ ብርሃን በሚያበራ መርማሪ መሣሪያና ከሳተላይት በተነሣ ሥዕል እየመረመረ፥ ብዙው መሬታችን ድኝ፥ ቦሮንና ዚንክ እንደ ጐደለው አሳየ። ከዚያም ወዲህ ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ በዳፕ ቦታ ገባ። እንዲሁም በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ በስንዴ ላይ ተነሥቶ ብዙ አውራጃ ጐዳ፤ በብዙ አገር የተዘራው ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ሊቋቋመው አልቻለም። ከዚህ በኋላ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩታችን ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፥ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ አገር የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ፥ ነፋሱ የዋጉን ብናኝ ወዴት እንደሚወስደው፥ ጤዛውና ሙቀቱም በየትኛው ቦታ ለበሽታው እንደሚመች በኮምፒዩተር አስቀድሞ የሚገምት ሥርዓት ሠራ። ግምቱም በስልክ መስመሩ በኩል ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች እንዲደርስ ተደረገ። እንግዲህ በባላገሩ ኪስ ውስጥ የምትጮኸው ትንሽ መልእክት ከባሕር ማዶና ከአገር ውስጥ የብዙ ሊቃውንት ድካም ተሸክማ የምትመጣ ናት።

ይህን ሁሉ ያወሳሁት ወደ ሙጃ ለመምጣት ነው። ሙጃ በሰሜን ወሎ የግዳን ወረዳ ከተማ ስትሆን የላስታ ጎረቤት ናት። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ያለበት ይህ ደጋ የገብስ፥ የባቄላ፥ የስንዴና የበግ አገር ነው። ሰማዩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት የበልጉን፥ ከሰኔ እስከ መስከረም የክረምቱን ዝናብ። የበልጉ ዝናብ ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ገብሱ ሳይደርስ ክረምቱ ይገባበታል፤ የክረምቱ ሰብል ቢዘገይ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ያገኘዋል። ስለዚህ በዚህ አገር ዕውቀት ማለት ጊዜን ማወቅ ማለት ነው። ምክር ትክክለኛ ቢሆንም ከዘገየ እንዳልመጣ ይቈጠራል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ወሬ በጊዜው ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚያመጣ ለወሎ ሰው የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

አሁን የማወራው በዚህ አገር በአንድ የማውቀው ቤት የሆነውን ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። በ2000ዎቹ ዓመታት በደጋው አገር «ቆርምድ» የሚባል አዲስ የባቄላ በሽታ ተነሣ። ቅጠሉ እንደ ኪንታሮት ያብጣል፤ ይጨማደዳል፤ ኋላም ተክሉ ሁሉ ይጠወልጋል። በመጀመሪያ ሲታይ መድኃኒት ቢረጩበት ከሰብሉ ብዙውን ማዳን ይቻላል፤ ካለፈ በኋላ ግን ድካም ብቻ ነው። በዚያ ቤት ባልየው በነሐሴ ወር ለጉዳይ ወደ ወልድያ ወርዶ ሰነበተ። በቤቱ ያለው ስልክ አንድ ብቻ ስለ ነበረ እርሱም አብሮት ወረደ። የልማት ሠራተኛው ስለ በሽታው የላከው አጭር መልእክት ወልድያ ላይ በባልየው ኪስ ውስጥ ጮኸ፤ እርሱ ግን የሎተሪ ወሬ መስሎት ዝም አለው። ሚስቱ በዚያው ሳምንት ከማሳው ውስጥ ቆማ ያበጠውን ቅጠል በእጅዋ ይዛ ትመለከት ነበር፤ ብርዱ የመታው መስሏት ተወችው። መልእክቱ ካለበት በሽታው አልነበረም፤ በሽታው ካለበትም መልእክቱ አልነበረም። ባልየው ሲመለስ ማሳው ጠቍሮ ቈየው።

በዚያ ዓመት ጊደራቸውን ሸጡ። ከጊደሩም የከፋው ጠቡ ነበር። እርሱ «አንቺ ቤት ተቀምጠሽ እህሉ ሲጠፋ ምን ታዪ ነበር?» አላት፤ እርስዋም «አንተስ ወሬውን በኪስህ ይዘህ ምን ትሠራ ነበር?» ብላ መለሰችለት። ነገሩ ከፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸው፤ ባቄላው ግን አልተመለሰም። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ ሁለቱም እውነት እንደ ተናገሩ ተረዳሁ። ማሳውን በየቀኑ የሚያየው ዐይን የሚስት ነበር፤ ምክሩን የሚሰማው ጆሮ ግን የባል ነበር። ዐይንና ጆሮ በአንድ ራስ ላይ ካልሆኑ ሰውነት እንዴት ይድናል?

ይህ የአንድ ቤት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በጋዜጣ ባልጻፍሁት ነበር። በገጠር አገራችን የሴቶች ስልክ ከወንዶች ስልክ ያነሰ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ምክሩ ለሁለቱም ቢደርስ ምን እንደሚሆን ለማወቅም ሊቃውንት መርምረዋል። በሕንድ አገር ተጀምሮ ወደ እኛ የመጣ ዲጂታል ግሪን የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው የአገሩ ገበሬዎች ራሳቸው ሲሠሩ በፊልም አንሥቶ፥ በባትሪ በምትሠራ ትንሽ የፊልም ማሳያ በየመንደሩ ማሳየት ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ይህ ድርጅት፥ ግብርና ሚኒስቴር፥ የትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲውና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ፈተና አደረጉ። በአንዳንድ ቀበሌ ለቤቱ ጌታ ብቻ፥ በአንዳንዱ ለባልና ለሚስት አብረው፥ በሌላው ደግሞ እንደ ቀድሞው ያለ ፊልም ትምህርት ተሰጠ። ትምህርቱም በመስመር ስለ መዝራት፥ ዘርን ስለ መመጠንና ዩሪያን በቡቃያው አጠገብ ስለ መጨመር ነበር።

ፊልሙ ከቀድሞው አሠራር ይልቅ ብዙ ሰው ደረሰ፤ የተማሩትም በተሻለ ተረዱት፤ በሥራም አዋሉት። ሚስቶች በተጠሩበት ቦታ ደግሞ የሚስቶች ዕውቀት ጨመረ። ዳሩ ግን ሚስት ስላወቀች በማሳው ላይ የሚደረገው ሥራ ከሌላው ቤት ይልቅ እንደ ጨመረ የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሴቶችን ማስተማር ምን ይጠቅማል?» ሊል ይችላል። እኔ ግን በችሎት የማየው ነገር ሌላ መልስ አስተማረኝ። ዕውቀት ያላት፥ ሥልጣን ግን የሌላት ሴት፥ ዕውቀቷን እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ይዛ ትቀመጣለች። መጽሐፉ የሚከፈትበትን መንገድ ካንዲት የሥጋ ዘመዴ ቤት አየሁ።

ታላቅ እኅቴ ባሏ የሞተባት በዚሁ በግዳን አገር የምትኖር ናት። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስም በአንድነት ይጻፍ፥ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍ ስለ ነበረ፥ እትዬ ባሏ ሲሞት መሬቱን የሚከራከራት አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ደግሞ በክልሉ ሁለተኛው ደረጃ የሚባለው ምዝገባ መጥቷል፤ ይኸውም ማሳው ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ሥዕል ላይ ድንበሩ ተለይቶ፥ ቍጥር ተሰጥቶት፥ ከነካርታው በኮምፒዩተር መዝገብ የሚገባበት ነው። ቀድሞ በችሎታችን ድንበር በድንጋይና በግራር፥ በሽማግሌም ትዝታ ይመሰከር ነበር፤ ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል፥ ግራሩ ይቈረጣል፥ ሽማግሌውም ይሞታል። ካርታ ግን አይሞትም። ስለ ዲጂታል እርሻ ሲነገር ብዙ ሰው ዝናብንና ማዳበሪያን ያስባል፤ እኔ ግን የሚስት ስም የተጻፈበት ደብተርና ካርታ የሥራው ሁሉ መሠረት እንደ ሆነ አምናለሁ።

እትዬ ማንበብ አትችልም። በሬም የላትም፤ መሬቷን ለአንድ ጎረቤት በእኩል ትሰጠዋለች። የልጅዋ ልጅ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በ2010 ዓ.ም. ወደ ክረምቱ መግቢያ ከእራት በኋላ ልጅቱ ወደ 8028 ትደውላለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ በምድጃው አጠገብ ታኖረዋለች፤ እትዬም ጥጥ እየፈተለች ስለ ስንዴ ትሰማለች። የሰማችውንም ለአራሹ ነገረችው። በብተና መዝራቱን ትቶ በመስመር፥ በመስመርና በመስመር መካከል ሃያ ሳንቲም ሜትር ትቶ እንዲዘራ፥ ዩሪያውንም ሁለት ጊዜ ከፍሎ እንዲሰጥ ጠየቀችው። እርሱም ሳቀ። «እትዬ፥ ስልክ ሞፈር ጨብጦ ያውቃልን? አንቱም ይህን ማን አስተማራችሁ?» አላት። እርስዋም «ሞፈሩን አንተ ጨብጥ፤ ስልኩ ዘሩን ይቈጥብልን። መሬቱስ የማን ነው?» ብላ መለሰችለት።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ እርስዋም ዐወቀች፥ እርሱም ሳቀ፥ እህሉም እንደ ዱሮው ተዘራ ተብሎ ባለፈ ነበር። እትዬ ግን ወደ እኔ ላከችብኝ። እኔም በዓመት በዓል ወጥቼ ሁለቱን አስቀምጬ፥ የእኩል ውላቸውን በሦስት ምስክር ፊት በጽሑፍ አደረግሁላቸው። ውሉ እንዲህ ይል ነበር። ከቤቱ አጠገብ ያለው ግማሽ ጥማድ በመስመር ይዘራል፤ የቀረው እንደ ልማዱ ይዘራል። የማዳበሪያው ዋጋ እኩል ይከፈላል። ዩሪያው ግማሹ በዘር ጊዜ፥ ግማሹ ከአንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ ዐፈሩ እርጥብ ሳለ ይጨመራል። ለዘሩ ቀን የሚጠራውን ወንፈል እትዬ ታበላለች። ምርቱም ሁለቱ ክፍል ለየብቻ ይወቃል፤ ለየብቻም ይሰፈራል።

የመጨረሻውን ቃል ያስገባሁት የጸሐፊነት ልማድ ስላስተማረኝ ነው፤ ያልተለካ ነገር መጨረሻው ክርክር ነውና። በኅዳር ሲወቃ የመስመሩ ክፍል በጥቂት ዘር ከብተናው ክፍል የበለጠ ሰጠ። ተአምር አልነበረም፤ ነገር ግን አራሹ በገዛ እጁ የሰፈረውን ሊክድ አልቻለም። «በሁሉ መሬት አይሆንም፥ ሰው አይበቃምና፤ ለቤት አጠገቡ ግን ይሁን» አለ። ይህም የብልህ ሰው ንግግር ነው። በሚቀጥለውም ዓመት በራሱ ጓሮ እንዲሁ አደረገ። ስለዚህ የእኅቴ ዕውቀት ከስልክ መጣ፤ ሥልጣኗ ከደብተሩ መጣ፤ በውሉ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ስንዴ ሆነ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ሁለቱ ብቻቸውን ባልረቡ ነበር።

አራሹ «ሰው አይበቃም» ያለውን ቃል ልብ ብላችሁ እንድታዩት እለምናለሁ። ስልኩ «በመስመር ዝሩ» ሲል አንድ ቃል ይናገራል፤ በማሳው ላይ ግን ይህ ቃል የብዙ ሰው ወገብ ነው። በብተና አንድ ወንድ በጥዋት የሚጨርሰውን ዘር፥ በመስመር ሲሆን ከበሬው ኋላ ጎንበስ ብለው ፍሬውን በፈሩ ውስጥ የሚያኖሩት ሚስትና ልጆች ናቸው። ባል ምክሩን ብቻውን ሰምቶ ሲያዝዝ፥ የማያውቁት ድካም በሚስቱና በልጆቹ ላይ ይወድቅባቸዋል፤ እነርሱም ምክንያቱን ስላልሰሙ ሥራውን በሙሉ ልብ አይሠሩትም፤ ልጅም ከትምህርት ቤት ይቀራል። አብረው ሰምተው ቢሆን ግን ስንት ጥማድ እንደሚቻል፥ የትኛው ቀን እንደሚሻል፥ ወንፈል ማን እንደሚጠራ አስቀድመው በተማከሩ ነበር። እንግዲህ አብሮ መስማት ለሚስት የሚደረግ ቸርነት ሆኖ ሊታይ አይገባም፤ የእርሻው ሥራ ራሱ የሚጠይቀው ነገር ነው።

ደግሞም ድምፁ ሁልጊዜ እንደማይኖር ማሰብ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ለወራት መብራቱም ስልኩም ጠፍቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን የኢንተርኔት አገልግሎት ተዘግቶ ብዙ ወራት ቈየ። ጥበቡን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ የሠራ ሰው በዚያ ጊዜ እጁ ባዶ ቀረ። እትዬ ግን የልጅ ልጅዋ የምትጽፍበት አንድ የተማሪ ደብተር ነበራት። በእርሱ ላይ የተዘራበት ቀን፥ የዘሩ ልክ፥ የማዳበሪያው ዋጋ፥ በሽታ የታየበት ሳምንት፥ የተሰፈረው ምርት፥ ለአራሹ የተሰጠውና በቤት የቀረው በየዓመቱ ተጽፏል። ስልኩ በዝምታ ዓመት ዝም ሲል ደብተሩ ተናገረ። ከዚያ ደብተር ከጥቂት ዓመት በፊት ስልኩ የተናገረውን አነበቡና ዘሩ። የእርሻ አስተዳደር የሚባለው ትልቅ ቃል በደጋ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ትንሽና ይህን ያህል ጽኑ ነገር ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ክቡራን አንባብያን ልመለስ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ፥ በገጠር ግን አባትና እናት፥ ወንድምና እኅት ያሏችሁ ናችሁ። ለአባታችሁ ስልክ ስትገዙ ለእናታችሁም ግዙ፤ ዋጋው ቀላል የሆነው፥ ቍልፉ ትልቅ የሆነው፥ ባትሪው ብዙ ቀን የሚቈየው ይበቃል። ሁለት መግዛት ባይቻል አንዱ ስልክ የቤቱ እንዲሆን፥ ማታ ማታም ድምፁ ከፍ ብሎ በሁሉ ፊት እንዲሰማ አባታችሁን በትሕትና ለምኑት። አባት ቢቈጣ «አባባ፥ እርስዎ በሌሉ ጊዜ ማሳውን የሚያየው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ፊደል የቈጠረ ልጅ በቤት ካለም የእርሻው ጸሐፊ አድርጉት፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ስጡት፤ ጥቂት መስመር በየሳምንቱ ይጻፍ።

በወረዳና በቀበሌ ሥራ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የገበሬዎችን የስልክ ቍጥር ስትመዘግቡ ከባል ቍጥር አጠገብ ለሚስት ቍጥር የሚሆን ባዶ ቦታ አኑሩ፤ ቦታ ከሌለ የሚጠይቃት አይኖርምና። ፊልም ስታሳዩ ወይም ስትሰበስቡ ሰዓቱ ውኃ የሚቀዳበትና እንጀራ የሚጋገርበት አይሁን። የእኩል ውል ሊጻፍ ወደ እናንተ ሲመጣም፥ መሬቱ የሴት ከሆነ፥ የምትፈልገውን የአዘራር ዓይነት ጠይቃችሁ በውሉ ውስጥ አስገቡላት። ይህ ሁሉ አዲስ በጀት አያስፈልገውም፤ ጥቂት የብዕር ቀለም ብቻ ይበቃዋል።

ለእናንተም ለባሎች አንድ ቃል አለኝ። ሚስት ምክሩን ብትሰማ ክብራችሁ የሚቀንስ ይመስላችሁ ይሆናል። በችሎት ያየኋቸው ባሎች ግን ክብራቸው የቀነሰው በሌላ ምክንያት ነበር። ጊደር ሸጠው፥ ብድር ገብተው፥ ሚስታቸው ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ፥ በመጨረሻ በዳኛ ፊት ሁለቱም የማይስማሙበትን ሒሳብ ሲቈጥሩ ነው። የቤቱን ሒሳብ በቤት የቈጠሩ ሰዎች ወደ እኛ አይመጡም፤ ስለዚህም ስማቸው በመዝገባችን አይገኝም። ለገበሬዎቻችን ሁሉ የምመኝላቸው ይህን ነው፤ ስማቸው በይዞታው ደብተር ላይ ሁለት ሆኖ እንዲገኝ፥ በእኛ መዝገብ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳይገኝ።